የሞተር መጋዝ ምርጫ ግራ አጋብቶኛል

ሰላም ወገኖች፣ ጅማ ዙሪያ ባሕር ዛፍ በኮንትራት እቆርጣለሁ። ርካሹ መጋዜ ባለፈው ሳምንት ግንድ መሃል ቀጥ አለ፤ ስፈታው ፒስተኑ ተጭሯል። ረዳቴ ቤንዚኑን ያለ ዘይት ሞልቶት ኖሯል (ቆሜ ማየት ነበረብኝ)።

አሁን በእስቲል ኤምኤስ 261 እና ኤምኤስ 362 መካከል እዋልላለሁ። የመጀመሪያው 50 ሲሲ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢይዙት ክንድ አይገድልም። ሁለተኛው 59 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ ያጓጓል፣ ክብደቱ ግን ያሳስበኛል። የምቆርጣቸው ግንዶች አብዛኞቹ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ውፍረት አላቸው። ደግሞስ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ራሱን በኤሌክትሮኒክስ የሚያስተካክል ይሻላል ወይስ በካቻቢቴ የሚስተካከለው? ኤሌክትሮኒክሱ ቢበላሽ እዚህ የሚጠግነው አገኛለሁ? የሠራችሁበት ንገሩኝ፤ ቅዳሜ መግዛት አለብኝ።