የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ምን ይሠራ?

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦
ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የወባ በሽተኛ በዝቷል። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ሳይረግጥ «ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ኮአርተም ስጠኝ» ይላል፤ ለዛሬ የሚሆን ብቻ የሚጠይቅም አለ። የሦስቱን ቀን መድኃኒት ጨርሰው ያልተሻላቸውም ይመለሳሉ። ወረፋው ሲረዝም ምን መታለፍ የለበትም?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ወረፋውን እዩት። እንደሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፈው፣ የሚቃዥ፣ መጠጣት ያቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ሰው ክኒን አይሸጥለትም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ። ነፍሰ ጡርና ሕፃንም በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

ለሌላው የምርመራ ወረቀት ጠይቁ። ታይፎይድም ተስቦም ያተኩሳሉ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ክሎሮኪን 3 ቀን፣ ፕሪማኪን 14 ቀን። ፕሪማኪን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ከጠቆረ ወዲያው ያቁም፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የገንዘብ ችግር ላለበት ግማሽ ከመቁረጥ የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሚሰጥ ንገሩት።

መልስ 2፦
ኮአርተም ወስደው ያልተሻላቸው ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሁለተኛው መጠን ላይ ነው። «ጠዋትና ማታ» ብቻ ከተባለ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት የዋጠ ሰው ቀጣዩን ለነገ ጠዋት ያሳድረዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ስለሆነ የእሱ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። የቀሩት አራቱ በማግስቱና በሠልስቱ ጠዋትና ማታ ይዋጣሉ። ሰዓቱን ፖስታው ላይ በእጃችሁ ጻፉ፤ ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ ሣሉለት።

በአንድ ጊዜ የሚዋጠው መጠን በኪሎ ነው፦ ከ5 እስከ 14 ኪሎ 1 ክኒን፣ እስከ 24 ኪሎ 2፣ እስከ 34 ኪሎ 3፣ ከ35 ጀምሮ 4፣ ለትልቅ ሰው በጠቅላላው 24። ሚዛን ይኑራችሁ፤ የከሳ ልጅ በዕድሜ ሲገመት ይበዛበታል። የመጀመሪያውን እዚያው ይዋጡ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰ ያው መጠን ይደገማል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በባዶ ሆድ የሚውጡትስ? የነቢያት ጾም ሊገባ ነው።

መልስ 2፦
ዋናውን አነሳህ። ኮአርተም ቅባት ካላገኘ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ወተት ለማይቀምስ የሱፍ ፍትፍት፣ ለውዝ ወይም ዘይት ያለው ሽሮ ይበቃል፤ ደረቅ እንጀራና ሻይ ግን አይሆንም። ጾሙን ልፈታ ላለ ደግሞ የንስሐ አባቱን እንዲያማክር ንገረው፤ ለታመመ ይፈቅዳሉ።

መልስ 3፦
አንድ ልጨምር። ፈጣን ምርመራው «የለም» ብሎ ምልክቱ ካልቀረ ወደ ማይክሮስኮፕ ላኩ፤ ኪቱ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያወጣ ፋልሲፓረም የተባለ የወባ ተውሳክ በአገራችን ተገኝቷል። በተለይ ከመተማና ከሁመራ አጨዳ የተመለሰን ሠራተኛ በአንድ ወረቀት አታሰናብቱት።