«በወር አንድ እሁድ ብቻ»?

ጣና ዳር፦
የእሁዱ የእድር ስብሰባ አናዶኛል። ጸሐፊ የለም፣ ገንዘብ ያዥ የለም፣ ንብረት ክፍል የለም። ሰብሳቢው ተነሥተው «እባካችሁ እጅ አውጡ፤ ሥራው በወር አንድ እሁድ ብቻ ነው» አሉ። ማንም አላወጣም። አባሉ ሥራውን ያውቀዋላ!

የሽንብጥ ልጅ፦
እኒያን ሰውዬ ተዋቸው። እሳቸው ባይኖሩ እድሩ ይሄኔ ፈርሶ ነበር። መዋጮ የሚሰበሰበው በወር አንድ እሁድ አይደለም እንዴ? ምን ዋሹ?

ጣና ዳር፦
አልዋሹም፣ አጎደሉ። 200 አባል ያለው እድር እንበል። ስም ከመዝገብ መፈለግ፣ ውዝፍ ማየት፣ ብር ቆጥሮ መቀበል፣ ደረሰኝ መቁረጥ ለአንድ ሰው ቢያንስ 1 ደቂቃ ይፈጃል። ከ3 ሰዓት በላይ ሆነ፤ እሁዱ አለቀ። ሰኞ ባንክ ማስገባት፣ የባንኩን ወረቀት ከደረሰኙ ቀሪ ጋር ማመሳከር አለ። ሌሊት ሰው ከሞተ ደግሞ ባንክ ዝግ ነው፤ የቀብሩን ወጪ ገንዘብ ያዡ እጁ ላይ ካለው መጠባበቂያ ሊያወጣ ነው። ይሄ «አንድ እሁድ ብቻ» ነው?

እታለም፦
የንብረት ክፍሉንም አትርሱ። በሐምሌ ሐዘን ሦስት ቀን ዝናብ የጠጣ ድንኳን እርጥቡን ተጠቅልሎ መጋዘን ከገባ ይሻግታል። ከዚያ ሸራው መጀመሪያ የሚቀደደው እጥፋቱ ላይ ነው። ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር አውጥቶ በሁለቱም ፊት ማስጣት ግድ ነው። ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ካስማው ሲወጣም ሲገባም ተቆጥሮ ካልተፈረመበት ጉድለቱ የሚወድቀው በያዘው ሰው ላይ ነው። ሰው ድካሙን አይደለም የሚፈራው፤ «አጎደለ» መባልን ነው።

የሽንብጥ ልጅ፦
ይሄን ሁሉ ከዘረዘራችሁለት ማን ይመጣል? ፈቃደኛ ከጠፋ ዕጣ ይውጣ።

ቀበሌ 14፦
ዕጣ ድንኳን ለመትከል ይሆናል። ለገንዘብ መዝገብ ግን መደመር የሚቸግረው ሰው ላይ ቢወድቅስ? ይልቅ ሥራው ይከፈል፦ አንዱ ደረሰኝ ይቁረጥ፣ ሌላው ብሩን ይያዝና ባንክ ያስገባ፣ ሦስተኛው በየወሩ ያመሳክር። ዘመኑም 1 ዓመት ይሁን፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ በቃለ ጉባኤ ርክክብ ይደረግ። አሁን ሰው የሚሸሸው አንዴ ከገባ የሚያወጣው ስለሌለ ነው። ፈራሚዎቹም ሦስት ይሁኑ፣ በሁለቱ ፊርማ ገንዘብ ይውጣ። አንዱ ከተማ ሲለቅ ሒሳቡ አይቆለፍም።

እታለም፦
ሴቶቹስ? መዝገቡ ላይ ያለው የባል ስም ነው። ወጥ ሠርታ፣ እንጀራ ቆጥራ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ የምታውቅ ሴት ንብረት ክፍል ሁኚ ተብላ አታውቅም።

የሽንብጥ ልጅ፦
ደንቡ ከልክሏል?

እታለም፦
አልከለከለም። ግን ጥሪው ስሙ ለተጻፈ ነው፤ ስሟ የለም።

ጣና ዳር፦
ልክ ነሽ እታለም። የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፍ። ሠራተኞቹም ባገለገሉበት ዓመት ከወር መዋጮ ነጻ ይሁኑ።

የሽንብጥ ልጅ፦
ይሄንንስ አልቀበልም። እድር ቅጥር አይደለም።

ቀበሌ 14፦
ወንድሜ፣ ከመዋጮ ነጻ መሆን ቅጥር ነው ያለህ ማነው? ቀብር የቀረ ይቀጣል አይደል? ሌሊት ተነሥቶ ብር ላደረሰውስ ደንቡ ምን ይላል?

የሽንብጥ ልጅ፦
ምንም አይልም። ለዚያ ነው እድር የሆነው።