ሐረጎ ላይ ቆሜያለሁ፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን የድሮ መኪና ይጎዳል?

የደሴው ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ መኪናዋ ቆመችብኝ። ዳገቱን ስትይዝ ትንተፋተፍና ትጠፋለች። አሥር ደቂቃ ሳሳርፋት ትነሳለች። ሁለት ኩርባ ሄዳ ደግሞ ትጠፋለች። ይሄ ሦስተኛዬ ነው። የቤንዚን ሽታም አለ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር አይቶኝ ቆመና «ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ቀድተህ ነው፤ የድሮ መኪና አይችለውም። ነጭ ጋዝ ትንሽ ጨምርበት» ብሎኝ ሄደ። ልጨምር? ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እናቴን ከሐይቅ አምጥቼ ደሴ ሐኪም ቤት ማድረስ አለብኝ። ቀጠሮውን ሁለት ወር ነው የጠበቅነው።

ቦርከና ማዶ፦
የምን መኪና ናት? የት ቀዳህ? ይሄን ሳትነግረን ምን እንበልህ ወንድሜ?

ጦሳ ሥር፦
ፊልትሮ ነው፣ የቤንዚኑ ማጣሪያ። ፊልትሮውን ቀይር።

መካኒክ ኮምቦልቻ፦
ነጭ ጋዝ እንዳትጨምር! ሞተሩ ዳገት ላይ ማንኳኳት ይጀምርና ሌላ ጣጣ ታመጣለህ። አሁን የሚያስፈራኝ ሽታው ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ አጠገብህ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ከዚያ ይራቅ። ከዚያ ኮፈኑን ክፈትና ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው) የሚሄደውን ጎማ በጣትህ ዳብሰው። እርጥብ ነው? ተሰንጥቋል?

የባቲ መንገድ፦
ቆይ፣ ወሎ ውስጥ ኤታኖል ምን አመጣው? ወደኛ የሚመጣው ቦቴ ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ነው የሚገባው። ማን መንገድ ላይ አልኮል ይቀላቅልበታል? ሰው መኪናው በተበላሸ ቁጥር ነዳጁን ይከሳል። ውሃ የገባበት የጄሪካን ቤንዚን ቀድተህ ይሆናል።

የደሴው ልጅ (ጠያቂ)፦
ቶዮታ ዲኤክስ ናት፣ የአባቴ ነበረች። አዲስ አበባ ዘመድ ግቢ ሦስት ዓመት ቆማ ነው ትናንት ያመጣኋት። እዚያው ሞልቼ ወጣሁ። ከሚሴ ላይ ደግሞ ከጄሪካን 10 ሊትር ጨመርኩ። ጎማውን ዳበስኩት፣ ጫፉ ላይ እርጥብ ነው። ስጫነው እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል።

መካኒክ ኮምቦልቻ፦
ሦስት ዓመት ቆማ! ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ምን ነበረበት ወንድሜ። በቃ ገባኝ። ጎማው የተሰነጠቀው ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ 2 ሳንቲም ቆርጠህ ጣልና መልሰህ ሰካው፣ ማሰሪያውን አጥብቀው። ሲሊኮን እንዳትቀባበት፣ ቤንዚን ያሟሟዋል። ፊልትሮውን አውጣና በመውጫው በኩል እፍ በልበት። የሚወጣውን ቆሻሻ አይተህ ንገረኝ።

ጦሳ ሥር፦
ብያለሁ እኮ፣ ፊልትሮ።

ጡረታ ላይ ያለሁ፦
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም ነው። በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኤታኖሉ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ነበር፤ ፊንጫ ከሸንኮራ አገዳው ሞላሰስ ያወጣው ነበር። ስለዚህ «ኤታኖል አገራችን አያውቅም» ማለት ልክ አይደለም።

የድሮ መኪና ላይ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ለሱ ያልተሠራ ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ኋላም ይሰነጠቃል። የፓምፑ ዲያፍራምም (ቤንዚኑን የሚገፋው ስስ ጎማ) እንደዚያው ነው። ሁለተኛ፣ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ እያጠበ ወደ ፊልትሮ ይልከዋል። ሦስተኛ፣ ውሃ ይስባል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለው 40 ሊትር ቤንዚን አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ከገባበት ኤታኖሉ ከውሃው ጋር ተለይቶ ሰልባትዮው ታች ይተኛል። ቤንዚን የሚሳበው ደግሞ ከታች ነው።

ጉልበት ይቀንሳል የሚባለው ግን ይጋነናል። ኤታኖል በሊትር ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ኃይል ቢኖረውም፣ 10 በመቶ ሲቀላቀል ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ ሐረጎ ላይ መኪና አያቆምም። «ድብልቁን ያሳሳል»፣ ማለትም ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚኑ ያንሳል የሚሉትም ደሴን የሚያህል ከፍታ ላይ ብዙ አያሰጋም። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶር ያላት መኪና ሲጀመርም ቤንዚን ይበዛባታል። ከፍታው የሚያባብሰው ሌላ ነገር አለ፦ ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ቶሎ ይተናል፣ ፓምፑም እንፋሎት መግፋት ያቅተዋል። ስትቀዘቅዝ የምትነሳው በዚህም ሊሆን ይችላል።

የባቲ መንገድ፦
እሺ ጋሼ፣ ታሪኩን ተቀብያለሁ። ግን እሱ የቀዳው ውስጥ መኖሩን በምን አወቃችሁ? እኔ የምለው ይሄን ነው።

የወልድያዋ፦
መገመት አያስፈልግም፣ ይለካል። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የሕፃን ጡጦ ያዝ። ውሃ ላይ ትንሽ ሻይ ጠብ አድርግና 20 ላይ እስኪደርስ ጨምር፤ ሻዩ መስመሩን ያሳይሃል። ከዚያ ቤንዚኑን 120 ላይ እስኪደርስ ሙላበት። ክደነው፣ በደንብ ናጠው፣ ክዳኑን ቀስ ብለህ አስተንፍሰው፣ አሥር ደቂቃ አስቀምጠው። የታችኛው መስመር እዚያው 20 ላይ ከቆመ ኤታኖል የለም። ወደ 28 ወይም 30 ከወጣ 10 በመቶ ገደማ ኤታኖል አለ፤ ውሃው ስቦ አውርዶታል። ውጭ ሥራው፣ እሳት አጠገብ አይሁን። ጡጦውን ደግሞ ጣለው፣ አደራ ለልጅ እንዳይመለስ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦
አልኮል ቀምሳ ዳገት አልወጣም ያለች መኪና ዛሬ ገና አየሁ 😀 አብሽር ወንድሜ። እኔ ደሴ ነኝ፣ ነገ ጠዋት ሥራ የለኝም። እናትህን 12 ሰዓት ላይ ከሐይቅ አመጣታለሁ። ስልክህን በውስጥ ላክልኝ። መኪናዋ ትድረስ፣ አትድረስ፣ ቀጠሮው አያልፍም።

የደሴው ልጅ (ጠያቂ)፦
አላህ ይስጥህ ወንድሜ፣ ልኬልሃለሁ። ጎማውን ቆርጬ ሰካሁት፣ እርጥበቱ ቆመ። ከፊልትሮው የወጣው እንደ በርበሬ ቀይ ነው፣ ነጠላዬ ላይ አራግፌው አሁንም አለ። ቀስ እያልኩ ልሞክር ነው። ባትሪዬ አልቋል።

መካኒክ ኮምቦልቻ፦
ያ ቀይ ነገር የሰልባትዮው ዝገት ነው። ኤታኖል ኖረም አልኖረም ሦስት ዓመት ቆማ ዝጋለች። ደሴ ስትገባ ሰልባትዮውን አስወርደህ አሳጥበው፣ ከዚያ ነው አዲስ ፊልትሮ የሚገባው። አሁን ብትቀይረው ነገ ይደፈናል፤ ጦሳ ሥር፣ አንተንም ነው የምልህ። ጎማዎቹን በሙሉ ቀይር። ስትገዛ ላዩ ላይ «J30R9» (ጄ30 አር9) የሚል ጽሑፍ ፈልግ፣ እሱ ኤታኖል ይችላል። የፓምፑንም ዲያፍራም አስፈትሽ። ተቀዶ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ካሾለከ ሞተሩን ይበላዋል፤ የዘይት መለኪያውን አውጥተህ አሽትተው።

ጦሳ ሥር፦
እሺ፣ መጀመሪያ ሰልባትዮ፣ ከዚያ ፊልትሮ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦
እናታችን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪም ቤት ገብተዋል። ልጃቸው ማታ 3 ሰዓት ደሴ ደርሷል፣ መኪናዋ ጋራዥ በር ላይ ቆማለች። ስልኩ አሁንም ዝግ ነው።

የወልድያዋ፦
አልሐምዱሊላህ። ስታገኘው ጠይቅልኝ፦ ሰልባትዮው ሳይደፋ በፊት ትንሽ ቤንዚን አስቀርቷል? ጡጦው ላይ ስንት አነበበ?

የባቲ መንገድ፦
እኔም እሱን ነው የምጠብቀው።