የእንጀራ ደንበኞቼ እውነቱን እንዲነግሩኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ እንጀራ ጋጋሪ፣ ጉለሌ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ ከአምስት ሴቶች ጋር እንጀራ እየጋገርኩ ለሰባት ሱቆች፣ ለሁለት ምግብ ቤቶችና በስልክ ለሚያዝዙኝ ወደ ስልሳ ለሚጠጉ ቤተሰቦች አቀርባለሁ። ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል አሥራ አንዱ አንዳችም ቅሬታ ሳያሰሙ ማዘዝ አቆሙ። ከዚያ ቀደም ብዬ የአስተያየት መስጫ ሳጥን አሠርቼ በሬ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ ያገኘሁት አራት ወረቀት ሲሆን ሦስቱ «በርቱ» የሚሉ ናቸው፣ አራተኛው ያልወጣለት የሎተሪ ቲኬት ነው። ደውዬ ስጠይቅም «ለአንቺ እንጀራማ ምን እንከን ይወጣለታል!» ይሉኛል፤ ይህን ከሚሉኝ መካከል ግን ከሌላ ቦታ መግዛት የጀመሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ደንበኞቼን ሳላሳፍር እውነተኛውን አስተያየት እንዴት ልሰብስብ? አንዷ «ኮመጠጠ»፣ ሌላዋ «አፍለኛ ነው» ስትለኝስ የማንን ልስማ?

መልስ፦ የዳቦ ቤት ባለቤት፣ አዳማ

እህቴ፣ ሳጥኑ ያልሠራው እንጀራው እርስዎ በር ላይ ስለማይበላ ነው። ሰው ቤቱ ገብቶ መሶቡን ሲከፍት የሚያየውን ጉድለት ለመጻፍ ተመልሶ እርስዎ ዘንድ አይመጣም። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ጥያቄው ራሱ ነው። «እንጀራዬ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ በእኛ አገር ከሰላምታ ስለማይለይ መልሱም እንደ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለ ነው፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው በሌላ ሰው ላብ ላይ እንከን ማውጣት ይከብደዋል። እኔ በዳቦ ቤቴ «ወደዱት ወይ?» ማለቱን ትቼ «ትናንት ከወሰዱት ውስጥ ስንት ተረፈ?»፣ «በስንተኛው ቀን ደረቀ?» እያልኩ መጠየቅ ስጀምር ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሰው ፍርድ ስጥ ሲሉት ይሸሻል፤ ያየውን ተናገር ሲሉት ግን ሳይሳቀቅ ይናገራል። ለእርስዎም «ከታች ያለው እንጀራ ተጣብቆ ነበር?»፣ «ሲጠቀልሉት ተሰነጠቀ?»፣ «ሻጋታ ያዩት በስንተኛው ቀን ነው?» የሚሉት ይበቃሉ።

«የማንን ልስማ?» ላሉት፣ ምናልባት ሁለቱም እውነታቸውን ይሆናል። ሊጥ በሙቀት ቶሎ፣ በብርድ ደግሞ ዘግይቶ ይቦካል። ስለዚህ ሰኔና ሐምሌ ላይ በበጋው የሰዓት ልክ ካቦኩ እንጀራው አፍለኛ ይሆናል፤ አብሲት ተጥሎ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ መብራት ጠፍቶ ሦስትና አራት ሰዓት ከጠበቀ ደግሞ ይኮመጥጣል። ቅሬታውን ያለ ቀን ከመዘገቡት ሁለቱ ሰዎች የተጣሉ ይመስላል፤ ከቀን ጋር ከመዘገቡት ግን አንዷ የማክሰኞውን፣ ሌላዋ የዓርቡን ሊጥ እየነገረችዎት መሆኑን ያገኙታል። እያንዳንዱ የሊጥ በርሜል ቁጥር ይኑረው፤ የተቦካበት ሰዓት፣ አብሲት የተጣለበት ሰዓት፣ መብራት የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት፣ ጤፉ ከየትኛው ጆንያ እንደወጣ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ቅሬታ ሲመጣ ደብተሩን መግለጥ ነው። ይህ ደብተር ከሌለ የቱንም ያህል አስተያየት ቢሰበስቡ ጋጋሪዎቹን ከመቆጣት ሌላ የሚያደርጉት ነገር አይኖርም፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

መልስ፦ ባለ ሱቅ፣ መርካቶ

ሳይሸጥ ተመልሶ የሚሄደውን እንጀራ ይቁጠሩ፤ እሱ አይዋሽም። ከሱቅ ሱቅ፣ ከቀን ቀን ለይተው ይቁጠሩት። እኔ ከሦስት አቅራቢዎች እንጀራ እረከባለሁ፤ ደንበኛ ለጋጋሪዋ የማይነግራትን ሁሉ ለእኔ ይነግረኛል፤ ከአቅራቢዎቹ ግን እስከ ዛሬ አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም። ሆኖም ባለ ሱቅ የሚለውን ሁሉ እንዳለ አይቀበሉ። አንዳንዱ ዋጋ ለማስቀነስ ሲል «ሰው አልወደደውም» ይላል፤ የደንበኛውን ቃል ከነቀኑ ይንገርዎት፣ ካልቻለ ይለፉት። እንጀራውን የሚያደርሰው ልጅ የሚሰማውም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቅሬታ ይዞ በመጣ ቁጥር ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ ሁልጊዜ «ሁሉም ሰላም ነው» እያለ ይመለሳል።

መልስ፦ የገበያ ጥናት መምህር፣ ባሕር ዳር

ከላይ በተባለው ላይ ጥቂት ልጨምር። ቁጥር ማስሰጠት የሚወዱ አማካሪዎች «ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ለወዳጅዎ ይመክሩናል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ያቀርቡልዎት ይሆናል። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የንግድ አማካሪ ፍሬድ ራይክሄልድ ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ 9ና 10 የሰጡትን እንደ ደጋፊ፣ ከ0 እስከ 6 የሰጡትን እንደ ነቃፊ ይቆጥርና የሁለተኞቹን መቶኛ ከመጀመሪያዎቹ ይቀንሳል። በትምህርት ቤት ከ100 ላይ 50 አምጥቶ ያለፈ ሰው 6 ሲሰጥ «አልፈሻል» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ዘዴው ግን ከነቃፊ ይመድበዋል። ስልሳ ቤተሰብ ላለው ሥራ ይህ ስሌት ብዙም አይጠቅምም፤ ስልሳ ሰው ደውሎ ማነጋገር ይቻላል።

ይልቅ ጃፓናዊው የጥራት ተመራማሪ ኖሪያኪ ካኖ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳየው ልዩነት ለእርስዎ ይበልጥ ይሠራል። ሲሟላ ማንም የማያመሰግንበት፣ ሲጎድል ግን ደንበኛን የሚያሳጣ ነገር አለ። እንጀራዎ አሸዋ የለበትም ብሎ የሚያመሰግንዎት አይኖርም፤ አንድ ቀን ጥርስ ላይ ቅርጭጭ ካለ ግን ያ ቤተሰብ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ቅሬታዎችን በብዛታቸው ብቻ አያስቀድሙ፤ አንድ የአሸዋ ቅሬታ ከሃያ «ዓይኑ አነሰ» ቀድሞ መታየት አለበት።

ጊዜውንም ያስተውሉ። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ድግስ አንድ ጊዜ ያዘዘውን ሰው አስተያየት ዓመቱን ሙሉ ከሚገዛው ጋር አይቀላቅሉ፤ የ55 ቀኑን የዐቢይ ጾም መዝገብም ከፍስኩ ወራት ለይተው ይያዙ፣ በተለይ የምግብ ቤቶቹን፣ የሚታዘዘው ስለሚለያይ። የደንበኞችን ስልክና አድራሻ ሲመዘግቡ ደግሞ ለምን እንደሚይዙት ነግረው ያስፈቅዱ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አይርሱ።

መልስ፦ ነዋሪነቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እዚህ እንጀራ በላስቲክ ታሽጎ በሐበሻ ሱቅ ይሸጣል፤ ጋጋሪዋን የሚያያት ሰው ጥቂት ነው። የማውቃት አንዲት እናት እሽጉ ላይ የተጋገረበትን ቀንና የስልክ ቁጥሯን ብቻ ለጠፈችበት። ጽፎ የሚልክላት ባይኖርም የተበላሸውን እንጀራ ፎቶ አንስቶ የሚልክላት ሞልቷል፤ ፎቶው ላይ ቀኑ ስለሚታይ ክርክር የለም። በቴሌግራም ይህን ማድረግ ለእርስዎም አያስቸግርም።

ጠያቂዋ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በርሜሎቹን ቁጥር ሰጥቼ ደብተሩን ጀመርኩ። በአምስቱ ሳምንት ከተመዘገቡት አሥራ አራት «ኮመጠጠ» የሚሉ ቅሬታዎች ውስጥ አሥሩ መብራት ከሁለት ሰዓት በላይ በጠፋባቸው ቀናት የተጋገሩ ናቸው። ስለዚህ አብሲቱን ለሁሉም በርሜል በአንድ ጊዜ መጣል ትተን በየተራ እንጥላለን፤ መብራት ቢሄድ የሚጎዳው አንድ በርሜል ብቻ ነው። ከሱቆች የሚመለሰውም መቀነስ ጀምሯል።

ካቆሙት አሥራ አንድ ቤተሰቦች ዘጠኙን አግኝቼ «ለመጨረሻ ጊዜ የወሰዱት እንጀራ ምን ሆኖ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ ስለ መኮምጠጡ ስጨነቅ ከዘጠኙ አምስቱ እንጀራው ምንም እንዳልነበረው፣ ነገር ግን በክረምቱ ዝናብ የሚያደርሰው ልጅ ከምሳ ሰዓት በኋላ ይደርስ እንደነበር ነገሩኝ። ልጁም ይህን ያውቅ ነበር፤ ባለ ሱቁ እንዳሉት ስቀጣው ስለኖርኩ አልነገረኝም። ቅጣቱን አንስቻለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ መብራት የጠፋ ዕለት እንጀራው ሊኮመጥጥ እንደሚችል አስቀድሜ ለደንበኞቼ መልእክት ብልክላቸው እምነት አተርፋለሁ ወይስ ራሴው ትእዛዝ አሰርዛለሁ? የሞከራችሁት ካላችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።