የፎርም ሣጥን «ይፈተናል» ወይስ «ይፈተሻል»?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ባሕር ዳር ለጣና የጀልባ ጉዞ መመዝገቢያ ድረ ገጽ እየሠራን ነው። ፎርሙን ራሱ እየሞላ የሚሞክር ፕሮግራም በሴሌኒየም (ብራውዘርን በፕሮግራም በሚያዝ መሣሪያ) ጽፈናል። መመሪያውን በአማርኛ ላዘጋጅ ስል ግን ቃል ቸገረኝ። ሣጥኑ ውስጥ የገባው ትክክል መሆኑን ማየት «መፈተን» ነው፣ «መፈተሽ» ወይስ «ማረጋገጥ»? ሣጥኑ የያዘውን፣ «ቫልዩ» የሚባለውንስ «ዋጋ» ልበለው?

መላሽ፦ «ዋጋ» አትበይው እህቴ። «የመድረሻው ዋጋ ዘጌ ይሁን» ቢባል አንባቢው የጀልባውን ሂሳብ ነው የሚፈልገው። «እሴት»ም ወደ ባህልና ሥነ ምግባር ይወስዳል። «የተሞላው» በይው፣ ይበቃል።

«ፈተነ» ብቃትን ለመለካት ነው። ተማሪ ይፈተናል፣ ወርቅ በእሳት ይፈተናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ድረ ገጹን ይፈትናል። «ፈተሸ» ግን ውስጥ ገብቶ ያለውን ማየት ነው። በር ላይ ጥበቃው ቦርሳ ከፍቶ ይፈትሻል እንጂ ከላይ አይቶ አያሳልፍም። ሣጥንም እንደዚያው ነው። ሴሌኒየምን «የሣጥኑን ጽሑፍ ስጠኝ» ብትይው ባዶ ይመልሳል። ሰው የሞላው የሚገኘው ቫልዩ የሚባለው ፕሮፐርቲ (ገጹ ክፍት ሳለ ብራውዘሩ የሚይዘው መረጃ) ውስጥ ነው። በገጹ ኮድ፣ በኤችቲኤምኤሉ ላይ የተጻፈው የቫልዩ አትሪቢዩት ደግሞ ገጹ ሲከፈት የነበረውን ይዞ ይቀራል። «ማረጋገጥ» ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ያገኘሽው ከጠበቅሽው ጋር አንድ ሲሆን።

ጠያቂ፦ ለካ ለዚህ ነው! ስክሪኑ ላይ «ዘጌ» ቁልጭ ብሎ እየታየን ፕሮግራሙ ባዶ ነው ሲለን ግማሽ ቀን ፈጀን። ሌላም አለ። መነሻው «ዓባይ ማዶ» እንዲሆን ጠብቄ ነበር። የሚሞላውን ክፍል የጻፈው ባልደረባዬ ግን «አባይ ማዶ» ብሎታል። ሙከራው ወደቀ።

መላሽ፦ ለጆሯችን አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ፊደል። ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለ«አ»ም ለ«ዐ»ም የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷል። «ሰ» እና «ሠ»ም፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። የቦታ ስሙን ከባልደረባሽ ጋር ተስማምታችሁ በአንድ አጻጻፍ ያዙት። የሰው ስም ላይ ግን ፊደል እንዳትለውጡ አደራ። «ፀሐይ» ብላ የሞላች ሴት «ጸሀይ» ሆኖ ቢመለስላት ትቆጣለች፣ መብቷም ነው። ፍተሻው ፊደል በፊደል ይሁን። ሞክሼዎቹን አንድ ማድረግ ለፍለጋው ብቻ ይቆይ።

ጠያቂ፦ ተባረክ ወንድሜ። መመሪያው ላይ እንዲህ ብዬ አስገባሁት፦ «የመነሻውን ሣጥን ፈትሽ። የተሞላው ‹ዓባይ ማዶ› መሆኑን በፊደሉ አረጋግጥ።»