ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ የኮሌጃችን አሰላለፍ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ፦ የቡድኑ ደጋፊ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ በመጀመሪያው ዙር ደብረ ብርሃን ላይ 2 ለ 1 የረታነውን ቡድን በሜዳው ይገጥማል። አሰልጣኛችን ከደጋፊም ከቀድሞ ተጫዋችም ሐሳብ መስማት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ በልምምድ ሜዳ ዳር ቆሜ ያየሁትን ይዤ ምክራችሁን ልጠይቅ መጣሁ።

እስካሁን የተጫወትነው በ4-3-3፣ ማለትም በአራት ተከላካይ፣ በሦስት አማካይና በሦስት አጥቂ ነው። ይህ አሰላለፍ ሜዳችን ላይ የሚሠራልን ሦስቱ አጥቂዎቻችን ተጋጣሚውን ገና ከራሱ የግብ ክልል ጀምረው ስለሚጫኑት፣ እንግዳውም በደጋው አየር ትንፋሽ እያጠረው ኳሱን ቶሎ ስለሚለቅ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያገባናቸው ሁለቱም ግቦች የመጡት በዚሁ መንገድ ነበር። በዚያው ጨዋታ ግን የእነርሱ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ሁለት ጊዜ ከግራ መስመር ተከላካያችን ጀርባ አምልጦ አንዱን ግብ አድርጎታል፤ አሁን ደግሞ ያ ተከላካያችን በካርድ ቅጣት ምክንያት አይሰለፍም።

ታዲያ የግራ መስመሩን ማን ይዝጋው? ከተጠባባቂዎቹ መካከል በቦታው የተጫወተ አንድ ፈጣን ልጅ አለን፤ ቀኝ እግረኛ በመሆኑ ግን ሲጫኑት ኳሱን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ግራ እግረኛ የሆነውን የመሐል ተከላካያችንን 4 ቁጥርን ወደ መስመር አውጥቶ በቦታው ረጅሙን ተጠባባቂ ማስገባትም ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ከአምበላችን ከ5 ቁጥር ጋር ዓመቱን ሙሉ የተግባባው ጥምረት ይፈርሳል። 11 ቁጥርን ከክንፍ ወደ ኋላ እናውርደው የሚሉም አሉ፤ ይህ ግን ዋናውን የመልሶ ማጥቃት መሣሪያችንን በገዛ እጃችን መጣል ይመስለኛል።

ሌላው ጭንቀቴ 10 ቁጥር ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ እንደ እርሱ ክፍተት አይቶ ኳስ የሚያቀብል ተጫዋች በዚህ ኮሌጅ አላየሁም። ኳስ ስንነጠቅ ግን ወደ ኋላ አይመለስም፤ ሸክሙም በሌሎቹ አማካዮች በ6 እና በ8 ቁጥር ላይ ይወድቃል። በቆላው ሙቀት ሁለቱ ልጆች ይህን ሸክም እስከ 90ኛው ደቂቃ ይችሉታል?

ምላሽ፦ የቀድሞ ተከላካይ፣ ከደብረ ሲና

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በሚገባ አቅርበኸዋል። እኔ በግራ መስመር ለብዙ ዓመታት ስለተጫወትሁ ከዚያው ልጀምር። ቀኝ እግረኛ ተከላካይ በግራ ሲቆም ክፉ የሚሆነው ሁልጊዜ አይደለም። የሚገጥመው የክንፍ ተጫዋች ወደ ውስጥ እየገባ የሚመታ ከሆነ፣ ጠንካራ እግሩ በዚያ በኩል ስለሚውል እንዲያውም ይጠቅማል። የእናንተ ተጋጣሚ ግን፣ አንተው እንደነገርኸን፣ በውጪ በኩል ከጀርባ የሚያመልጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማቆምና የሚያሻማውን ኳስ ለመከልከል የግራ እግር ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ 4 ቁጥርን ወደ መስመር አወጣዋለሁ።

የመሐሉ ጥምረት መፍረሱ ዋጋ እንዳለው አልክድም። አምበላችሁን ሁለት ጊዜ አይቸዋለሁ፤ ኳስን አስቀድሞ የማንበብ ችሎታው ድንቅ ሆኖ ሳለ ሩጫው ቀርፋፋ ነው። እስከ ዛሬ ከኋላው የሚደርስለት 4 ቁጥር ነበር። አዲሱ ረጅም ልጅ ያን ማድረግ ካልቻለ የተከላካይ መስመሩ ቢያንስ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት፤ ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ሲወርዱ አጥቂዎቹ እንደለመዱት ወደ ፊት ከተጫኑ በመካከል ገበያ የሚያስቆም ክፍት ቦታ ይፈጠራል፣ ያን ቦታ የሚሞሉትም የፈረደባቸው 6 እና 8 ቁጥር ናቸው። ስለዚህ መስመሩ ከወረደ ጫናውም አብሮ ይውረድ፤ አጥቂዎቹ ተጋጣሚውን በመሐል ሜዳ ይጠብቁት።

ምላሽ፦ የስፖርት ሳይንስ መምህርት

ከላይ ሐሳባቸውን የሰጡት የቀድሞ ተከላካይ ከአጨዋወት ተነሥተው የደረሱበት ቦታ ላይ እኔ ከሰውነት አሠራር ተነሥቼ እደርሳለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ተጫዋቾቻችን ወደ ታች ሲወርዱ ኦክስጅን እንደሚበዛላቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በውርጭ የለመደ ሰውነት በሙቀት መላብንና ራሱን ማቀዝቀዝን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በዚያው ሙቀት ውስጥ መሥራት ይፈልጋል። እኛ ግን ያን ያህል ጊዜ የለንም።

ደጋ ላይ ያገኘነውን ብልጫ የራሳችን ብቃት ብቻ አድርገን እንዳንቆጥረውም እሰጋለሁ። ቦሊቪያ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ቦነስ አይረስ ላይ በአርጀንቲና 3 ለ 0 ተሸንፋ ነበር፤ በመጋቢት 2001 ዓ.ም. ግን 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የላ ፓዝ ስታዲየም ያንኑ ቡድን 6 ለ 1 አሸነፈችው። ፊፋም በ1999 ዓ.ም. በከፍታ ቦታ በሚደረጉ ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ላይ መጀመሪያ 2,500፣ ቀጥሎም 3,000 ሜትር ገደብ ጥሎ በዓመቱ ያነሣው በዚሁ ክርክር ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ገደብ የእኛን ከተማ እንኳ የሚያካትት እንደነበር ልብ በሉ።

ስለዚህ አሰላለፉን ስንመርጥ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ማን ቆሞ እንደሚገኝ አስቀድመን ማሰብ አለብን። የጨዋታው ሕግ በሦስት አጋጣሚዎችና በዕረፍት ሰዓት እስከ አምስት ቅያሪ እንዲደረግ ይፈቅዳል፤ የውድድራችን ደንብ ይህን መቀበሉን ቡድን መሪው ከወዲሁ ያጣሩ። ከተፈቀደ እኔ 10 ቁጥርን ከመጀመሪያ አላሰልፈውም። በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ሠራተኛ አማካዮች ሜዳውን ይያዙ፤ ተጋጣሚው ሲደክምና ክፍተት ሲበዛ፣ ክፍተትን የሚያይ ሰው ያን ጊዜ ይግባ። 8 ቁጥር ቢደክም እንኳ በዕረፍት ሰዓት መቀየር ከሦስቱ አጋጣሚዎች አንዱን አይወስድብንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጨዋታው በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ብዙዎቹ ልጆቻችንም ዓርብን እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉ ናቸው። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ የሰዓት ጾም ስለሌለ ምግቡ አያስቸግርም። ዓርብ የጎደለውን ውኃ ግን ቅዳሜ ሜዳ ዳር በአንድ ጊዜ መተካት አይቻልም፤ ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ውኃ ያጣ ተጫዋች፣ ማለትም 70 ኪሎ ከሚመዝን ልጅ 1.4 ኪሎ የጎደለበት፣ ሩጫውም ውሳኔውም ይቀንሳል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ጾም ከፈቱ በኋላ ደጋግመው ይጠጡ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የታሰበ ልምምድ ካለም ይቅር።

ምላሽ፦ ሸዋ ሮቢት ያደግሁ፣ አሁን ደብረ ብርሃን የምኖር

ዘመዶቼ ከዚያኛው ወገን ቢሆኑም የማውቀውን በቅንነት እናገራለሁ። ስለ ግብ ጠባቂው ማንም አላነሣም፤ ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው። የእናንተ 1 ቁጥር ደብረ ብርሃን ላይ የሚመታው ረጅም ኳስ መሐሉን አልፎ የመሐል አጥቂው 9 ቁጥር ራስ ላይ ያርፋል። ቆላው ላይ አየሩ ወደ 15 በመቶ ገደማ ስለሚወፍር ያው ኳስ ቶሎ ፍጥነቱን ያጣል፣ አጥሮም ይወድቃል። 9 ቁጥር በለመደበት ቦታ ቆሞ ሲጠብቅ የእነርሱ አማካይ ከፊቱ ይወስድበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ይህ ከተደጋገመ ቡድኑ ወደ ፊት መሄጃ መንገድ አጣ ማለት ነው። በቅጣት ምት የሚታጠፍ ኳስ ግን እዚያ ይበልጥ ስለሚታጠፍ መቺውም ግብ ጠባቂውም አስቀድመው ይወቁት።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የግብ ምት ሲመታ ኳሱ ከቅጣት ክልሉ መውጣት ሳይኖርበት ለራስ ተከላካይ ማቀበል ተፈቅዷል። 4 ቁጥር በግራ ከተሰለፈ በግራ እግሩ ተረጋግቶ ጨዋታ የሚጀምር ሰው ታገኛላችሁ፤ የቀድሞው ተከላካይ የመረጡትን እኔም የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ግብ ጠባቂው ጓደኞቹን ለማሳረፍ ኳስ አቅፎ መቆየት እንደሚወድም አይቻለሁ፤ ከ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል። ለማረፍ የተሻለው መንገድ አምበሉ ከጨዋታው በፊት ዳኛውን ስለ ማቀዝቀዣ ዕረፍት በአክብሮት መጠየቁ ነው፤ ሕጉ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሦስት ደቂቃ ይፈቅዳል። ጨዋታው በ8 ሰዓት ከተያዘ ደግሞ ወደ 10 ሰዓት እንዲዛወር ከአሁኑ ጠይቁ፤ ለሁለቱም ቡድን ይበጃል።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኅቴ ስለ ዓርቡ ያነሣሽው እኛ ፈጽሞ ያላሰብነው ነበር፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእርግጥም ልምምድ ተይዞ ነበር፣ እንዲቀር ዛሬውኑ እናገራለሁ። የግራው ነገር ለእኔ ተቆርጧል፤ 4 ቁጥር በመስመር፣ ረጅሙ ልጅ ከአምበሉ ጎን፣ ተከላካዩም አጥቂውም አብረው ዝቅ ይበሉ። የግብ ምቱን በአጭሩ መጀመር ግን ከአንድ ሳምንት ልምምድ ጋር አደገኛ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ 9 ቁጥር አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቦ ረጅሙን ኳስ እንዲጠብቅ፣ አጭሩ ደግሞ 4 ቁጥር ነጻ ሲሆን ብቻ እንዲሞከር ለአሰልጣኙ አቀርባለሁ።

10 ቁጥርን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጡ ከባዱ ነገር ነው። ልጁ በደብረ ብርሃኑ ጨዋታ ሁለቱንም ግብ ያመቻቸ እርሱ ስለሆነ ቅር ሊለው ይችላል። አሰልጣኙ አሰላለፉን ሜዳ ላይ ከማንበባቸው በፊት ለብቻው ጠርተው ለምን ሁለተኛው አጋማሽ እንደተሰጠው ቢያስረዱት መልካም ነው። እኔም የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደን ስናበቃ መኪናው ውስጥ አጠገቡ እቀመጣለሁ።