የአሜሪካ ልብ ወለድ ቅርጹ የተሰባበረው በመከራ ነው ወይስ በፋሽን?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ከፈረሰ ወዲህ ስለ ሰፈራችን ለመጻፍ እየታገልኩ ነው። እናቴ ከዚያ ቤት ነቅላ የወጣችው የቤት ቁጥራችን የተጻፈበትን ቆርቆሮ ነው። ጠርዙ ዝጓል፤ አንደኛው የምስማር ቀዳዳ ተቀዷል። በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ቁም ሣጥን አስገብታዋለች። እኔ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማምሬ ስጽፈው ውሸት ይሆንብኛል። እናቴ እንዲያ አታወራማ! ቡና እየቆላች ትጀምራለች፣ ታቋርጣለች፣ ከሦስት ቀን በኋላ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ሰሞኑን የአሜሪካዊውን ደራሲ የፎክነርን «አዝ አይ ሌይ ዳይንግ» የተባለ ልብ ወለድ አነበብኩ። ድሃ ቤተሰብ የእናቱን አስከሬን በጋሪ ጭኖ ሊቀብር ይጓዛል፤ የሚተርኩት 15 ሰዎች ናቸው። አንዱ ምዕራፍ ሙሉው «እናቴ ዓሣ ናት» የሚል ብቻ ነው፤ ተናጋሪው ትንሹ ልጅ ነው። እዚያ ስደርስ አለቀስኩ። መከራ በየዘመኑ አለ። የ1920ዎቹና የ30ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያን ደራሲዎች ግን አጻጻፉን ራሱን ለምን ለወጡት?

አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ፦
ልጄ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ መሸጥ ከጀመርኩ 31 ዓመቴ ነው፤ ሳልሸጥ በፊት አነባለሁ። እንደኔ መልሱ ያለው እናትሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ 19 ዓመት ሳይሞላው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ሊነዳ ጣሊያን ሄዶ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ቆሰለ። በ1929 ባወጣው «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» ተራኪው ወታደር ክብር፣ ጀግንነት፣ መሥዋዕትነት የሚባሉትን ቃላት መስማት ያንገሸግሸዋል። ክብር የቀረላቸው የቦታ ስሞች፣ አንዳንድ ቁጥሮችና ቀኖች ብቻ ናቸው ይላል። ቁጥር፣ ልጄ! ጦርነቱ የፈጀው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚሸኝበትን ትልልቅ ቃልም ጭምር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያጠረው ለዚህ ነው። የተረፈውን ቃል ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው ዓረፍተ ነገር ነው።

ፎክነርም ያነበብሽውን የጀመረው ጥቅምት 25 ቀን 1929 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ በተናጋ ማግስት። ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የኃይል ማመንጫ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበር፤ የእጅ ጋሪ ጠረጴዛ አድርጌ ነበር የምጽፈው ብሏል። የኢኮኖሚ ቀውሱ ከፍቶ በ1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥ ሆነ። ደራሲው ስታይንቤክ በ1939 ከመሬታቸው የተፈናቀሉትን ሲጽፍ አንዱን ምዕራፍ ለአንድ ቤተሰብ፣ ሌላውን ለመንገደኛው ሁሉ ሰጠ፤ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻውን አልበቃውም።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ነጮቹ ላይ ብቻ አንቁም። ከ1916 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ወደ 6 ሚሊዮን ጥቁሮች ከአሜሪካ ደቡብ ተሰደዋል፤ ብዙዎቹ እንደ ቺካጎና ኒው ዮርክ ወዳሉ ከተሞች። ጥቁሩ ገጣሚ ላንግስተን ሂውዝ በ1925 ዋሽንግተን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያነሳ ነበር። በ1926 ያሳተመው «ዘ ዊሪ ብሉዝ» የብሉዝን፣ የጥቁር አሜሪካውያንን የእንጉርጉሮ ዘፈን፣ ስልት ወደ ግጥም አመጣ። ብሉዝ ላይ አንዱን ስንኝ ሁለቴ ይሉታል፣ ሦስተኛው ስንኝ ይመልስለታል። እህቴ፣ የአያቶቻችንን የወፍጮ እንጉርጉሮ አስቢ! ሂውዝ ቅርጹን አልሰበረውም፤ ሕዝቡ ሲያዝን የሚያዜምበትን አንስቶ የግጥም ማዕረግ ሰጠው። ጥቁሯ ደራሲ ዞራ ኒል ኸርስተንም በ1937 ባወጣችው ልብ ወለዷ የፍሎሪዳን ጥቁሮች አነጋገር እንዳለ አስገብታዋለች። የእናትሽ አወራር «ያልተስተካከለ» አይደለም፤ የራሱ ስልት አለው።

ስድስት ኪሎ፦
ሁሉንም ለመከራ አትስጡት እንጂ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ገርትሩድ ስታይን «ስሪ ላይቭስ» የተባለውን መጽሐፏን ያሳተመችው በ1909 ነው፤ ጦርነቱም ሆነ የኢኮኖሚ ቀውሱ ገና አልመጡም። የዊሊያም ጄምስ የሥነ ልቦና ተማሪ ነበረች፤ ፓሪስ ሆና የእነ ሴዛንን፣ የፈረንሳዩን ሠዓሊ፣ ሥዕል ታይ ነበር። አዲሱ አጻጻፍ አስቀድሞ ነበረ። መከራው የጨመረው አንባቢውን ይመስለኛል፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ግራ አያጋባውም።

የፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቅዳሜ መጥቼ እጅ እነሳለሁ። ስድስት ኪሎ፣ የመጨረሻው ሐሳብህ ከውስጤ አልወጣም። እህት መምህርት፣ ትናንት ማታ እናቴን ሳላቋርጥ አዳመጥኳት። ቆርቆሮውን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። ቁጥሩን ከገጹ አናት ላይ ጻፍኩት። ከሥሩ እስካሁን ያለው የሷ አንድ ንግግር ብቻ ነው፦ «ውኃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነበር፤ በርሜሉ ሲሞላ ድምፁን አውቀዋለሁ።»